የፀረ-ተባይ ኩባንያ «ዘላቂነት» የሚለካው የት ላይ ነው? ፋብሪካው በር ላይ ወይስ ረጪው ጀርባ ላይ?

አዝመራ ጻፈች፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። በምዕራብ ጎጃም በአንድ ወረዳ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነኝ። እዚህ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም፤ ዛሬ ግን ያየሁት ነገር ዕረፍት ነሳኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ አስመጪ ባሕር ዳር ላይ ለግማሽ ቀን ሰብስቦን፣ ምርቱን የሚያቀርብለትን የውጭ ኩባንያ የዘላቂነት ሪፖርት አደለን። የተለፋበት ሥራ ነው። የፋብሪካዎቹ የካርቦን ልቀት በስንት እንደቀነሰ፣ አንድ ቶን ለማምረት ስንት ሜትር ኪዩብ ውኃ እንደሚፈጅ፣ ከኤሌክትሪኩ ስንት እጁ ከነፋስና ከፀሐይ እንደሚመጣ፣ በአመራር ቦታ ስንት ሴቶች እንዳሉ፣ ስንት ሰው «በጥንቃቄ ስለ መጠቀም» እንደሠለጠነ፣ ሁሉም በቁጥር ሰፍሯል።

በማግሥቱ ቀበሌ ወጣሁ። አንዲት እናት ጠላ ሊጠምቁ ውኃ ቀድተው አስቀምጠዋል። ጀሪካኑ ባለ አምስት ሊትር ነጭ ፕላስቲክ ነው። ወረቀቱ ተልጧል፤ ከግርጌው ግን የቢጫ መስመር ቅሪት ይታያል። ቢጫ መስመር በዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ «መካከለኛ አደገኛ» የሚባለው። «እማማ፣ ይሄ እኮ የመድኃኒት ዕቃ ነው» አልኳቸው። «በአመድና በአሸዋ ፈትጌ ነው ያጠብኩት ልጄ፣ ሽታው ሁሉ ለቋል» አሉኝ።

እዩት፣ እኔው ራሴ «መድኃኒት» አልኩ። የአረም መድኃኒት፣ የተባይ መድኃኒት፤ አፋችን የለመደው ይሄንን ነው። መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ታጥቦ ቢጠጣበት ምን ክፋት አለው ብለው ቢያስቡ በእሳቸው አይፈረድም።

ያ ጀሪካን ግን ሪፖርቱ ውስጥ የለም። ኩባንያው ዋሽቷል እያልኩ አይደለም፤ የጻፈው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። የሲሚንቶ ፋብሪካ ጉዳቱ ጭስ ማውጫው ላይ ነው፣ የቢራ ፋብሪካ ፍሳሹ ላይ። የፀረ-ተባይ ፋብሪካ ግን ጥቅሙም ጉዳቱም ያው ምርቱ ነው። ሆን ተብሎ አፈር ላይ፣ ውኃ ላይ፣ አየር ላይ የሚለቀቅ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ኩባንያ የራሱን ግቢ ለክቶ «ዘላቂ ነኝ» ቢል ልኬቱ ከማሳው በፊት አልቆመም ወይ?

የምታውቁ አስረዱኝ።

ከፍራንክፈርት ጻፈ፦

እህቴ፣ እኔ የምሠራው ጀርመን ውስጥ የኩባንያዎችን ሪፖርት ከሚመረምር ድርጅት ነው። ከውስጥ የማየውን ልንገርሽ።

የካርቦን ሂሳብ በሦስት እርከን ይያዛል። አንደኛው ኩባንያው ራሱ የሚያቃጥለው ነዳጅ፣ ሁለተኛው የሚገዛው ኃይል፣ ሦስተኛው ከጥሬ ዕቃ አቅራቢ ጀምሮ ምርቱ ደንበኛ እጅ ላይ እስኪያልቅ ያለው ነው። እንግዲህ «ምርቱ ደንበኛ እጅ ላይ ሲውል» የሚል መስመር አለ ማለት ነው፤ ግን የሚቆጠረው ካርቦን ብቻ ነው። አንድ ሊትር ፀረ-ነፍሳት ማሳ ላይ ሲረጭ የሚያወጣው ካርቦን እዚህ ግባ አይባልም፤ ንብ ግን ይገድላል፣ ዓሣ ይገድላል፣ ሰው ያሳምማል። መርዛማነት በካርቦን ሚዛን አይመዘንም። ካርቦንን ፊት ያስቀደመ ሪፖርት፣ በዚህ ኢንዱስትሪ፣ ትልቁን ጉዳይ ኋላ አስቀምጧል።

ይህን የተረዱ ኩባንያዎች የሉም ማለት አይደለም። ባየር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 የሰብል ጥበቃ ምርቶቹ በአካባቢ ላይ የሚያሳድሩትን ጫና በ30 በመቶ ለመቀነስ ግብ ይዟል። ይህ ከካርቦን ግቡ የተለየ ነው፤ ስለ ምርቱ ራሱ የተገባ ቃል በመሆኑ ከብዙዎቹ የተሻለ ነው እላለሁ። ነገር ግን ልኬቱ በሞዴል የሚሰላና በሄክታር የሚታሰብ ነው፤ ማሳ ላይ ተሄዶ የሚለካ አይደለም። ሲንጄንታ ደግሞ በ2013 «ጉድ ግሮውዝ ፕላን» ብሎ ባወጣው ዕቅድ እስከ 2020 ድረስ 20 ሚሊዮን የእርሻ ሠራተኞችን ስለ ሥራ ደኅንነት ለማሠልጠን ቃል ገባ፤ ኋላም ከዕቅዱ በላይ ማሠልጠኑን በሪፖርቱ አሳወቀ።

የሙያዬ ጥያቄ ያኔ ይመጣል። የሠለጠነ ሰው መቁጠር ቀላል ነው፤ የፊርማ ወረቀት አለ። ከሥልጠናው በኋላ ስንት ሰው አልታመመም የሚለውን ግን ማን ይቆጥራል? መርማሪ የሚያረጋግጠው ማስረጃ ያለውን ነው። ማስረጃ የሌለው ነገር «አልደረሰም» ተብሎ ባይጻፍም አንባቢው እንዳልደረሰ አድርጎ ያልፈዋል።

ባለ ሱቁ ጻፈ፦

እኔ ሞጆ አካባቢ የእርሻ ግብዓት ቸርቻሪ ነኝ። ስለ ትልልቆቹ ስታወሩ መደርደሪያዬን ዞሬ አየሁት። አብዛኛው ዕቃ የእነሱ አይደለም። የፈጠራ መብቱ ያለቀበት፣ ብዙ ፋብሪካ የሚሠራው፣ ዋጋው የቀለለ ነው። እነዚያ ፋብሪካዎች የዘላቂነት ሪፖርት ይኑራቸው አይኑራቸው የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም። በድንበር ሾልኮ የሚገባም አለ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም አንድ ቃል የሌለበት። ስለዚህ ስም ያለውን ብቻ ይዘን ብንወቅሰው ስም የሌለው ይስቅብናል።

ሌላም ልናዘዝ። ገበሬው ገንዘቡ የሚደርሰው ለመቶ ሚሊ ሊትር ነው፤ ዕቃው የሚመጣው በሊትር ነው። ምን አደርጋለሁ? በሃይላንድ ላስቲክ ቀንሼ ሰጥቻለሁ። ሕጉ እንደማይፈቅድ አውቃለሁ። ያ ላስቲክ ምልክት የለው፣ መጠን የለው፣ ልጅ ቢያገኘው ውኃ ነው የሚመስለው። ይህን ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፣ ግን ደንበኛ አጥቼበታለሁ። ለወኪሎቹ «ትንንሽ ማሸጊያ አምጡልን» ብዬ ደጋግሜ ነግሬያለሁ። «ወጪው አያዋጣም» ነው መልሱ። ብዙ ለሸጠ ሱቅ ግን ሽልማት አለ። በጥንቃቄ ለሸጠ የተሸለመ አላየሁም።

ነርሷ ጻፈች፦

ባለ ሱቁ፣ በግልጽ ስለጻፍክ እግዚአብሔር ይስጥልን። በሃይላንድ የተቀነሰውን ጠጥቶ የመጣ የአራት ዓመት ልጅ ተቀብያለሁ። ተርፏል።

ከፍራንክፈርት የጻፍከው ወንድሜ፣ «ማን ይቆጥራል» ላልከው፣ እኛ ጤና ጣቢያ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው «መመረዝ» ተብሎ ነው። በምን? ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ቤተሰቡ ጠርሙሱን ይዞ አይመጣም፤ ስሙን ስንጠይቅ «የአረም መድኃኒት» ይሉናል። የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ከጠበበ፣ ምራቅና ላብ ከበዛ፣ ማላታይን ከሚባለው ፀረ-ነፍሳት ወገን መሆኑን ገምተን አትሮፒን የተባለውን ማርከሻ እንጀምራለን። ፓራኳት የተባለው የአረም ማጥፊያ ከሆነ ግን ማርከሻ የለውም፤ ሌላውን ሕመምተኛ የምናድንበት ኦክስጅን ራሱ ሳንባውን ሊያባብሰው ይችላል። ስሙን ማወቅ የሕይወት ጉዳይ ነው። እና ስሙ ካልተመዘገበ፣ የትኛውም ኩባንያ «በምርቴ የደረሰ ጉዳት አልተነገረኝም» ቢል ዋሸህ ማለት አልችልም።

ጡረተኛው ጻፈ፦

ልጆቼ፣ በእርሻ ሚኒስቴር በሰብል ጥበቃ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ዓመቶቹን በጎርጎሮሳዊው ልጥቀስ።

ይህ ኢንዱስትሪ በገዛ ፈቃዱ ቃል የሚገባው ዛሬ አይደለም የጀመረው። በ1984 ታኅሣሥ ወር መባቻ በሕንድ ቦፓል ከዩኒየን ካርባይድ የፀረ-ተባይ ፋብሪካ ሌሊት ሜቲል አይሶሳያኔት የሚባል ጋዝ አፈትልኮ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። ፋብሪካው የሚሠራው እዚህ እኛም «ሴቪን» እያልን የምናውቀውን ፀረ-ነፍሳት ነበር። በተከታዩ ዓመት የኬሚካል ኢንዱስትሪው ካናዳ ላይ «ኃላፊነት የተሞላበት ጥንቃቄ» የተባለውን መርሐ ግብር ጀመረ። በዚያው በ1985 የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የፀረ-ተባይ ሥነ ምግባር ደንቡን አወጣ። ኩባንያዎቹም በማኅበራቸው በኩል ደንቡን ተቀብለናል አሉ።

ደንቡ ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ፤ ወጣት ባለሙያ ሁሉ በቃሉ ቢይዘው እወዳለሁ። በ2013 በታደሰው ቅጂ 3.6 ላይ ነው። አንድ ምርት ለመርጨት የሚያስፈልገው መከላከያ ልብስ የማይመች፣ ውድ ወይም በቀላሉ የማይገኝ ከሆነ፣ በተለይ ሙቀት ባለበት አገር ለሚኖር አነስተኛ ገበሬ፣ ያ ምርት እንዲቀር ይላል። ልብ በሉ። ገበሬውን ልብስ አልብሱት አይደለም የሚለው፤ ምርቱን አስቀሩ ነው። ሑመራ ላይ በዚያ ሐሩር የላስቲክ ቱታና ጭንብል ለብሶ ጀርባው ላይ አሥራ አምስት ሊትር ተሸክሞ የሚውል ሰው አሳዩኝና እኔም ሐሳቤን እቀይራለሁ።

ሁለተኛው ነገር መጋዘን ነው። ለአንበጣና ለተምች መከላከያ እየተባለ በእርዳታም በግዢም የገባ ዕቃ፣ ጊዜው አልፎበት በየዞኑ መጋዘን ተከማችቶ ነበር። ዲዲቲ፣ ዲልድሪን፣ ሊንዴን፣ ማላታይን። በርሜሉ ዝጎ መሬቱ ላይ የፈሰሰበት፣ አጠገቡ እህል የተቀመጠበት ቤት ገብቻለሁ። ራስ ምታቱ ለሦስት ቀን አይለቅም ነበር። ከ2000 እስከ 2003 ባለው ጊዜ ወደ 1,500 ቶን የሚጠጋው በአዲስ በርሜል ተገልብጦ በመርከብ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ በከፍተኛ ሙቀት ተቃጠለ። እዚህ እንዲህ ያለ ማቃጠያ ስላልነበረ ነው። ወጪውን በአብዛኛው የቻሉት ለጋሽ መንግሥታት ናቸው። ኢንዱስትሪው ኋላ በማኅበሩ በክሮፕላይፍ በኩል፣ የአፍሪካን ክምችት ለማስወገድ በተቋቋመው መርሐ ግብር ውስጥ ገብቶ የተወሰነ አዋጥቷል፤ ያንን አልክድም። ግን ሽያጩ ሲከናወን ትርፉ የአንድ ወገን ነበር፤ ቆሻሻው ሲወጣ የሁሉም ሆነ። ዘላቂነትን የምለካው እኔ በዚህ ነው። ዕቃው ሲያልቅበት ወይም ሲበላሽበት ማን መጥቶ ያነሳዋል?

ቀፎ ጻፈ፦

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልን።

እኔ ንብ አናቢ ነኝ። መጭ የምትባለውን አበባ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከአደይ ጋር መስከረም ላይ ቢጫ ሆና የምትወጣው። ለገበሬው አረም ናት፤ ለእኔ የዓመት ማሬ ናት። ቱ-ፎር-ዲ የሚባለው የአረም ማጥፊያ በስፋት ከመጣ ወዲህ ጤፉም ዳገቱም ዳሩም ተረጭቶ መጭ የምትገኘው አጥር ሥር ነው። ንቤን የገደላት የለም፣ ምግቧን ነው ያጠፉባት። ያንን የትኛው ሪፖርት ይጽፈዋል?

ጓያ ላይ ለክሽክሽ የሚረጨው ደግሞ በቀጥታ ይገድላል። ረፋድ ላይ አበባ ሳለ ይረጫሉ፣ ከሰዓት ቀፎው በር ላይ እፍኝ እፍኝ ረግፈው አገኛለሁ። ጎረቤቴን ለምኜ አመሻሽ ላይ እንዲረጭ አስማምቼዋለሁ፤ ንብ ከገባች በኋላ። ምንም አልከፈለበትም። ጠርሙሱ ላይ «ንብ በሚቀስምበት ጊዜ አይረጭ» የሚለው በፊደል የማይነበብ መጠን ተጽፏል።

አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ2018 ኒዮኒኮቲኖይድ ከሚባሉት ፀረ-ነፍሳት ሦስቱን ዋና ዋናዎች፣ ኢሚዳክሎፕሪድን ጭምር፣ ሜዳ ላይ እንዳይረጩ የከለከሉት ለንብ ብለው ነው። ኢሚዳክሎፕሪድ እዚህ ይሸጣል። የእኔ ንብ ከነሱ ንብ በምን ታንሳለች?

የባቱ ልጅ ጻፈ፦

ሁሉም ጨለማ እንዳይመስል እኔ ያየሁትን ልጨምር። ዝዋይ ዙሪያ አበባ እርሻ ላይ ለብዙ ዓመት በርጭት ክፍል ሠርቻለሁ። ስጀምር የተቀደደ ጓንት ነበር የሚሰጠን፤ ግሪንሃውሱ ተረጭቶ ሳይደርቅ ለቀማ የሚገቡ ሴቶች ነበሩ። የጀመርኩበትን እርሻ ስም አልጠራም።

ከዚያ የአበባ አምራቾችና ላኪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2007 የአሠራር ደንብ አወጣ፤ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ እየተባለ ደረጃ የሚሰጥበት። ኋላ በሠራሁበት እርሻ ከርጭት በኋላ በር ላይ ቀይ ምልክት ተሰቅሎ ሰዓቱ ሳይደርስ ማንም አይገባም ነበር። እኛ ረጪዎች በየጊዜው ደማችን ለኮሊንስትሬዝ ይመረመራል፤ አንዳንድ ፀረ-ተባይ ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚወርድ ኢንዛይም ነው፤ ከወረደ ከርጭት ወጥተህ ሌላ ሥራ ትመደባለህ። ስፓይደር ማይት ለምትባለው ቅጠል መጣጭ ጥቃቅን ተባይ በየሳምንቱ እንረጭ የነበረው ቀርቶ ፊቶሴይለስ የምትባለውን አዳኝ ማይት ቅጠል ላይ መበተን ጀመርን። እሷ ስፓይደሩን ትበላዋለች። እሷን ላለመግደል ሲባል ደግሞ ሌላው ርጭት አብሮ ይቀንሳል። ፍሳሹን በቄጠማ በተሞላ ሰው ሠራሽ ረግረግ የሚያጣሩ እርሻዎችም አሉ።

እና ለምን ተለወጠ? ኬሚካል ሻጩ ስለመከረን አልነበረም። አበባውን የሚገዛው የአውሮፓ ገበያ ስለጠየቀ ነው። ጽጌረዳ ጠያቂ አላት። ጤፍ ግን የሚጠይቅላት የላትም፤ እዚሁ ተረጭታ እዚሁ ትበላለች።

አዝመራ ጻፈች፦

የባቱ ልጅ፣ ይህ ቃልህ ልቤ ውስጥ ገባ። ቡናችንም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ቡናችን ላይ የፀረ-ተባይ ቅሪት አገኘሁ ብላ ግዢዋ ክፉኛ ሲወርድ አገር ተንቀጠቀጠ፤ ቅሪቱ የመጣው ከጆንያው ሳይሆን አይቀርም ተባለ፣ ጥንቃቄ መጣ። የጠየቀው የውጭ ገዢ ስለነበር ነው። የእኛው ሰው ጥያቄስ?

ቀፎ ስለ ንቦቹ ያነሳው ጥያቄ ላይ አንድ ቁጥር ላክልበት። እ.ኤ.አ. በ2018 ብቻ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በራሳቸው ማሳ የከለከሏቸውን 41 ንጥረ ነገሮች የያዘ ከ81,000 ቶን በላይ ፀረ-ተባይ ወደ ሌላ አገር እንዲላክ ፈቅደዋል። ይህን ከመንግሥታት ሰነድ አውጥተው በ2020 ያሳተሙት ፐብሊክ አይ የተባለው የስዊስ ድርጅትና የብሪታንያው አንኧርዝድ ናቸው። ከሁሉ የሚበዛው ፓራኳት ነበር፤ እንግሊዝ ውስጥ ሀደርስፊልድ ላይ ይመረት የነበረው። አውሮፓ በራሷ ማሳ ፓራኳትን ያገደችው ከ2007 ጀምሮ ነው። ፈረንሳይ በራሷ ተነስታ ከ2022 መባቻ ጀምሮ የታገዱትን አምርቶ መላክን በሕግ ከልክላለች። ስዊዘርላንድም ከ2021 ጀምሮ ፓራኳትን ጨምሮ አምስት ንጥረ ነገሮችን ወደ ውጭ መላክ አግዳለች።

ኩባንያዎቹ መልስ አላቸው፤ «የእያንዳንዱ አገር አየር ንብረትና ተባይ ይለያያል፣ የሚፈቅደውም አገሩ ነው» ይላሉ። ለተባዩ እውነት ነው። የሰው ሳንባ ግን በአየር ንብረት አይለያይም።

ቁጥር ወዳድ ጻፈ፦

አክብሮቴ ይድረሳችሁና ትንሽ ልቃወም። የግብርና ኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። ከሲሪላንካ እንማር። እ.ኤ.አ. በ2021 ሚያዝያ ላይ መንግሥቷ የኬሚካል ማዳበሪያና ፀረ-ተባይ እንዳይገባ ብሎ በአንድ ጊዜ ከለከለ። ሩዙ ወደቀ፣ ሻይዋ ወደቀ፣ ኅዳር ላይ ሳይወድ በግድ አነሳው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። እኛ መጤው ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 በሸካ በኩል ገብቶ በቆሎውን ሲጨርሰው ምን ነበር በእጃችን? ኬሚካል አይደለም ወይ?

ጡረተኛው ጻፈ፦

ልጄ፣ ስለ ሲሪላንካ ያልከው ትክክል ነው፤ ግን ሲሪላንካ ሁለት ታሪክ አላት። አንተ የነገርከን አጭሩን ነው።

ረጅሙ እንዲህ ነው። በሰማንያዎቹና በዘጠናዎቹ በፀረ-ተባይ ራስን ማጥፋት በዓለም እጅግ ከፍተኛ ከነበረባቸው አገሮች አንዷ እሷ ነበረች። አንደኛ ክፍል የሚባሉትን እጅግ አደገኞቹን፣ ቀይ መስመር ያላቸውን፣ በ1995 አስወጣች፤ በ1998 ኢንዶሰልፋንን፤ ከ2008 እስከ 2011 ደግሞ ፓራኳትን፣ ዳይሜቶይትንና ፌንታየንን ደረጃ በደረጃ አስወጣች። በሃያ ዓመት ውስጥ ራሱን የሚያጠፋው ሰው ቁጥር ከሁለት ሦስተኛ በላይ ወረደ። ሩዙ በዚህ ምክንያት አልወደቀም፤ ምክንያቱም አንዱ መርዝ ሲወጣ የቀለለ ተተኪ ነበረ። ሁሉን ባንዴ ዘግቶ ማደርና ክፉ ክፉውን ለይቶ ማውጣት አንድ አይደሉም።

እግረ መንገዴን፣ «አንደኛ ክፍል መሸጥ አቁመናል» የሚሉ ኩባንያዎች አሉ፤ ባየር ከ2012 ጀምሮ አቁሟል። ምስጋና ይገባዋል። ፓራኳት ግን በምደባው ሁለተኛ ክፍል ነው፣ ቢጫ። ነርሷ የነገረችንን ማርከሻ የሌለውን ነው የምለው። ምደባው የተሠራው በዋናነት በአይጥ ላይ በሚለካ የመግደያ መጠን ስለሆነ ነው። ቀለሙን ብቻ አይቶ ቃል የሚገባ ሰው እንዲህ ያለው ያመልጠዋል።

ለተምቹ ደግሞ፣ ኬኒያ የሚገኘው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ ያስተማረን ዘዴ አለ። በቆሎው መሐል ዴስሞዲየም ይዘራል፣ ዙሪያውን የዝሆን ሣር ወይም ብራኪያሪያ። አንዱ ሽታው ያባርራል፣ ሌላው ይጠራል። አቀንጭራንም ያዳክማል፣ ከብትም ይቀለብበታል። አርባ ምንጭ አካባቢም ፓን ኢትዮጵያ የተባለው አገር በቀል ድርጅት ከጥጥ ገበሬዎች ጋር ጠቃሚ ነፍሳትን በምግብ የሚስብ ርጭት ሠርቷል። ኬሚካል አያስፈልግም አልልህም፤ እኔው ስንቱን አስረጭቻለሁ። የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም ነው።

ቁጥር ወዳድ ጻፈ፦

የሲሪላንካን ረጅሙን ታሪክ አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ ጋሼ፤ አነባለሁ።

ከፍራንክፈርት ጻፈ፦

ጋሼ «ማን መጥቶ ያነሳዋል» ላሉት መልስ የሚሆን አንድ አገር አለ፣ ብራዚል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሕግ ገበሬው ባዶውን ዕቃ ሦስት ጊዜ አጥቦ እንዲመልስ፣ ሻጩ መመለሻ ቦታ እንዲያሳይ፣ አምራቹ ደግሞ ከዚያ አንስቶ በራሱ ወጪ እንዲያስወግድ ወይም እንደገና እንዲሠራበት ያስገድዳል። አምራቾቹ ተሰብስበው ኢንፔቭ የሚባል ተቋም ፈጠሩ። ዛሬ ከፕላስቲኩ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ ይመለሳል።

እነዚያው ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ናቸው ብራዚል ውስጥም የሚሸጡት። እዚያ የሚያደርጉትን እዚህ የማያደርጉት ዕውቀት ጎድሏቸው አይደለም። እዚያ ሕጉ ስላስገደዳቸው ነው። (ብራዚል በሌላው ነገር አርአያ ናት አላልኩም፤ የምትረጨው መጠን እጅግ ብዙ ነው።) ብዙ ሪፖርት መርምሬ የደረስኩበት ይሄ ነው፤ በፈቃድ የተገባ ቃል የሚሠራው ኩባንያው ራሱ በሚቆጣጠረው ግቢ ውስጥ ነው። ከግቢው ውጭ የሚሠራው ግዴታ ነው።

አዝመራ ጻፈች፦

እኛም እኮ አዋጅ አለን፤ የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው)። ያለ ምዝገባ የሚገባ የለም ይላል። አስመዝጋቢው ሰው ይታወቃል፣ አድራሻው ይታወቃል። ስለዚህ ባለ ሱቁ ያነሳው፣ ስም የሌለው ፋብሪካ ዕቃም ቢሆን፣ በሕጋዊ መንገድ እስከ ገባ ድረስ እዚህ ባለቤት አለው። ጥያቄውን ለእሱ ማቅረብ ይቻላል።

የሚቀጥለው ሳምንት አስመጪው ተመልሶ ይመጣል። ይዤ የምገባውን ጽፌያለሁ። ባለፈው ዓመት በወረዳችን ስንት ሊትር እንደሸጠና ስንት ባዶ ዕቃ እንደሰበሰበ እጠይቀዋለሁ። ከሚያስመጣቸው ውስጥ አምራቹ አገር የታገደ የትኛው እንደሆነ፣ ተተኪው ምን እንደሆነና መቼ እንደሚያመጣው። የመቶ ሚሊ ሊትር ማሸጊያ። ለጤና ጣቢያዎች የንጥረ ነገሮቹ ስምና የሕክምና መመሪያ በአማርኛ የሰፈረበት አንድ ገጽ። ንብ የሚለው ማስጠንቀቂያ በሚነበብ ፊደል። ከዚህ በላይ ካላችሁ ጨምሩልኝ።

ነርሷ ጻፈች፦

አንድ ገጹ ላይ ስልክም ይኑርበት። ሌሊት ሕመምተኛ ሲመጣ የሚያነሳ ሰው። እኔም ከዛሬ ጀምሮ መዝገቡ ላይ ከ«መመረዝ» ጎን የዕቃውን ስም እጽፋለሁ፣ ባልደረቦቼንም አስማማለሁ። ቤተሰብ ጠርሙሱን ይዞ እንዲመጣ ለጤና ኤክስቴንሽኖቹ ነግሬያለሁ።

ባለ ሱቁ ጻፈ፦

እኔ ሱቄ በር ላይ በርሜል አስቀምጣለሁ፤ ባዶ ዕቃ ለሚመልስልኝ ከሚቀጥለው ግዢው ላይ ትንሽ እቀንስለታለሁ። ሲሞላ ማን እንደሚወስድልኝ ግን ስብሰባው ላይ ጠይቂልኝ እህቴ፤ አለበለዚያ የጋሼ መጋዘን ነው የሚሆንብኝ።

ሌላው፣ ሦስት ጊዜ አጥቦ ይመልስ ስትሉ፣ የታጠበበት ውኃ የት ነው የሚደፋው? ገበሬው ወንዝ ዳር ነው የሚያጥበው።

አዝመራ ጻፈች፦

ወንዝ ዳር በጭራሽ። እዚያው ማሳው ላይ፣ ዕቃው ባዶ በሆነበት ቅጽበት፣ መርጫው ሳይሞላ። ዕቃው ውስጥ ከሩብ ያላነሰ ውኃ ጨምሮ፣ ክዳኑን ገጥሞ ግማሽ ደቂቃ ያህል መነቅነቅ፣ ከዚያ እጥበቱን መርጫው ውስጥ መገልበጥ። ሦስት ጊዜ። ውኃው ከርጭቱ ጋር ተቀላቅሎ ሰብሉ ላይ ያልቃል፣ ገበሬውም የከፈለበት ጠብታ አይባክንበትም። ከዚያ ማንም ውኃ እንዳይቀዳበት ቂጡን በምስማር መብሳት። ለእማማ ያላደረግነው እሱን ነው። ነገ ጠዋት ወደዚያው ቀበሌ እየሄድኩ ነው፤ ምስማር ይዣለሁ፣ አዲስ ጀሪካንም ገዝቻለሁ።